የአንዱ ኪውሪ የሁሉንም ሰርቨር እንዳያቆም፦ በታይም ሲሪስ ዳታቤዝ ላይ ጥያቄዎችን መከታተልና መገደብ



የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት ሲደርስ ከኤሌክትሪካል፣ ከውሃ ምህንድስና፣ ከሜካኒካልና ከሶፍትዌር ክፍሎች የመጣን ብዙዎቻችን አንድ ዓይነት ሥራ ላይ እንገናኛለን። ሴንሰር እንተክላለን፤ ሙቀት፣ የውሃ ፍሰት፣ የቮልቴጅ መጠን እንለካለን፤ የተለካውንም ወደ ዳታቤዝ እንልካለን። ያ ዳታቤዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ የጋራ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቡድን ያለ ልክ የጻፈው ጥያቄ ሰርቨሩን ሲያንቀው የሌላው ቡድን ሴንሰር በዚያች ሰዓት የላከው ልኬት መግቢያ ያጣል። የጠፋ ልኬት ደግሞ እንደ ጠፋ ደብተር ከጓደኛ ተውሶ አይገለበጥም። ትናንት ከሰዓት በኋላ የነበረው ሙቀት ዛሬ ተመልሶ አይለካም።

በዚህ ጽሑፍ ታይም ሲሪስ ዳታቤዝ ጥያቄዎችን እንዴት እንደሚያስተናግድ፣ የሚሮጡትን እንዴት ማየትና ማቆም እንደሚቻል፣ ገደብስ በየትኛው ቦታና በምን ያህል ቁጥር እንደሚቀመጥ እናያለን። ምሳሌያችን በተማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚታወቀው ኢንፍሉክስ ዲቢ ነው፤ በተለይም የመጀመሪያው ትውልድ፣ ማለትም በ1 የሚጀምሩት ዕትሞች። የትእዛዞቹን ስም እዚህ በፊደላችን ብንጽፈውም ኮምፒውተሩ ላይ የሚተየበው በላቲን ፊደል ነው።

ዳታው እንዴት ይቀመጣል?

ታይም ሲሪስ ዳታቤዝ ማለት እያንዳንዱን መረጃ ከተለካበት ሰዓት ጋር አያይዞ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ ነው። «ቁጥር 14 ሴንሰር፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰከንድ፣ 23.4 ዲግሪ» የሚለው አንድ መስመር አንድ ነጥብ ይባላል። የቁጥር 14 ሴንሰር ነጥቦች በሙሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ አንድ ሲሪስ ይሆናሉ። 200 ሴንሰር ካለን፣ እያንዳንዱም አንድ ነገር ብቻ የሚለካ ከሆነ፣ 200 ሲሪስ አለን ማለት ነው።

እስቲ እናስላ። አንድ ሴንሰር በየ10 ሰከንዱ ቢልክ በቀን 8,640 ነጥብ ይሆናል። 200 ሴንሰር በቀን 1,728,000፣ በ30 ቀን 51,840,000፣ በዓመት 630,720,000 ነጥብ ይልካል። አንድ ነጥብ ሲፈታ ቢያንስ 8 ባይት ለሰዓቱ፣ 8 ባይት ለዋጋው ይፈልጋል። የዓመቱን ነጥብ በሙሉ አንድ ላይ ሚሞሪ ውስጥ ለመዘርጋት 10 ጊጋባይት ገደማ ያስፈልጋል ማለት ነው። ዲስክ ላይ ታምቆ ስለሚቀመጥ ትንሽ ይመስላል፤ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ሰርቨር ላይ ሲፈታ ግን መልኩ ሌላ ነው።

ኢንፍሉክስ ዲቢ ይህን ሁሉ በአንድ ጎተራ አያከማችም። በጊዜ እየከፋፈለ ሻርድ በሚባሉ ክፍሎች ያስቀምጠዋል። ለዘላለም እንዲቆይ በተባለ ዳታ ላይ አንዱ ክፍል በተለምዶ የ7 ቀን ዳታ ይይዛል። ስለዚህ «የትናንቱን ብቻ» ብሎ የጠየቀ ሰው አንድ ወይም ሁለት ክፍል ያስከፍታል፤ ጊዜ ሳይወስን የጠየቀ ደግሞ የዓመቱን ሃምሳ ምናምን ክፍሎች በሙሉ ያስከፍታል። ሁለቱ ጥያቄዎች በጽሑፍ ሲታዩ ልዩነታቸው ግማሽ መስመር ነው፤ በሥራ ግን አይገናኙም።

ሰርቨሩን የሚያደክመው ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

የፈተና ሰሞን የፎቶ ኮፒ ቤቱን ሰልፍ አስቡት። አንድ ማሽን አለ። አብዛኛው ሰው የያዘው ሁለትና ሦስት ገጽ ነው። አንዱ 600 ገጽ መጽሐፍ ይዞ ቢመጣና ቢጀመርለት፣ መብቱ አይደለም የሚል ባይኖርም፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ቆሞ ይቀራል። ዳታቤዝ ላይም መጽሐፍ ይዘው የሚመጡት ጥያቄዎች አራት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ከላይ ያልነው የጊዜ ወሰን የሌለው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ጊዜን ከልክ በላይ የሚሰነጥቅ ጥያቄ ነው። አማካይ ስንጠይቅ «በየሰዓቱ» ወይም «በየደቂቃው» ብለን ጊዜውን በክፍልፋይ እናስመድባለን። የአንድ ዓመት ዳታ በየሰዓቱ ሲመደብ ለአንድ ሲሪስ 8,760 ክፍልፋይ ነው። በየሰከንዱ ከተባለ 31,536,000 ይሆናል። ሴንሰሩ የሚልከው በየ10 ሰከንዱ ስለሆነ ከአሥሩ ክፍልፋይ ዘጠኙ ባዶ ነው፤ ነገር ግን ካልተከለከለ በስተቀር ዳታቤዙ ባዶዎቹንም ቆጥሮ ይመልሳል።

ሦስተኛው በስሌቱ ዓይነት የሚከብድ ነው። አማካይ ለማስላት ዳታቤዙ ድምሩንና ቆጠራውን ብቻ ይዞ መሄድ ይችላል፤ ያለፈውን ነጥብ ይረሳዋል። መካከለኛውን ዋጋ፣ ማለትም ሚዲያንን፣ ለማግኘት ግን በዚያ ክፍልፋይ ውስጥ ያሉትን ነጥቦች ሁሉ ይዞ መደርደር አለበት። ሁለቱ በስታቲስቲክስ ክፍል ጎን ለጎን የሚጠሩ ቢሆኑም ሚሞሪ ላይ ያላቸው ክብደት የተለያየ ነው።

አራተኛው ለየብቻቸው ቀላል የሆኑ፣ ብዛታቸው ግን የሚያጨናንቅ ጥያቄዎች ናቸው። ግራፋና ላይ 12 ግራፍ ያለው ዳሽቦርድ በእያንዳንዱ እድሳት ቢያንስ 12 ጥያቄ ይልካል። 8 ተማሪዎች ይህንኑ ከፍተው በየ5 ሰከንዱ እንዲታደስ ካደረጉት በየ5 ሰከንዱ 96 ጥያቄ ነው፤ በደቂቃ 1,152። እድሳቱን ወደ አንድ ደቂቃ ቢያረዝሙት 96 ብቻ ይሆናል። በየ10 ሰከንዱ የሚልክ ሴንሰርን በየ5 ሰከንዱ መጠየቅ ደግሞ አዲስ ነገር አያሳይም።

እነዚህ ተደራርበው ሚሞሪው ሲያልቅ የሚመጣው መዘግየት ብቻ አይደለም። ሊኑክስ ሚሞሪ ሲጠፋበት ራሱን ለማዳን አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። የሚመርጠውም በአብዛኛው ብዙ ሚሞሪ የያዘውን ነው፤ ያም ዳታቤዙ ራሱ ነው። ተነስቶ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ሴንሰሮቹ የሚልኩት መግቢያ የለውም። ቴሌግራፍ የሚባለውን የመረጃ ሰብሳቢ ፕሮግራም የሚጠቀም ቡድን መጠነኛ ፋታ አለው፤ ፕሮግራሙ ሳይነካ በተተወ ቅንብሩ 10,000 መረጃ ይዞ ይቆያል። የ200 ሴንሰሮቻችን ፍጥነት በሰከንድ 20 ነጥብ ስለሆነ ይህ የ500 ሰከንድ፣ ማለትም የ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፋታ ነው። ከዚያ ካለፈ የቆየው እየተጣለ አዲሱ ይገባል። ማቆያ ሳይጻፍለት በቀጥታ የሚልክ ሰርኪት ግን ያችን ፋታ እንኳ አያገኝም።

የሚሮጠውን ማየትና ማቆም

ሰርቨሩ ሲከብድ መጀመሪያ የሚደረገው ማየት ነው እንጂ አጥፍቶ ማብራት አይደለም። «ሾው ኪውሪስ» የሚለው ትእዛዝ በዚያች ቅጽበት እየሮጡ ያሉትን ጥያቄዎች በሰንጠረዥ ያወጣል። የጥያቄው መለያ ቁጥር፣ የጥያቄው ሙሉ ጽሑፍ፣ የተጠየቀው ዳታቤዝ ስምና ከተጀመረ ምን ያህል እንደቆየ ይታያል። ከሁሉ በፊት ዓይናችንን የምንጥለው ቆይታው ላይ ነው። ብዙዎቹ በሚሊሰከንድ ሲለኩ አንዱ ስድስት ደቂቃ ካለ የፈለግነው እሱን ነው።

ለማቆም «ኪል ኪውሪ» ብሎ መለያ ቁጥሩን ማስከተል ነው። ይህ ትእዛዝ ለጥያቄው «አቁም» የሚል መልእክት ይልካል እንጂ ገመድ አይቆርጥም። ጥያቄው መልእክቱን የሚያይበት ቦታ እስኪደርስ ጥቂት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ወዲያው ከሰንጠረዡ አልጠፋም ብሎ ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ትንሽ ጠብቆ ደግሞ ማየት ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ሰንጠረዡ በብዙዎቹ ዕትሞች ላይ ጥያቄውን የላከውን ሰው ስም አያሳይም። ሁላችንም በአንድ ዳታቤዝ ስም ውስጥ ከሠራን የማን እንደሆነ ሳናውቅ የሰውን ሥራ ልንቆርጥ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ዳታቤዝ ይኑረው፣ ስሙም ቡድኑን የሚያሳውቅ ይሁን። ያን ጊዜ የዳታቤዙ ስም ባለቤቱን ይነግረናል፤ ከማቆማችን በፊትም ደውለን መጠየቅ እንችላለን።

ሌላው የፈቃድ ጉዳይ ነው። በዚህ ትውልድ ኢንፍሉክስ ዲቢ ላይ የይለፍ ቃል ጥበቃ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። በዚህ ሁኔታ ሰርቨሩ ጋ በኔትወርክ የደረሰ ማንም ሰው የማንንም ጥያቄ ማቆም፣ ከዚያም አልፎ ዳታውን መሰረዝ ይችላል። ጥበቃው ሲበራ ግን ጥያቄ የማቆም ሥልጣን የአስተዳዳሪው ብቻ ይሆናል። የጋራ ሰርቨር ካለን መጀመሪያ መብራት ያለበት ይህ ነው።

ገደቦቹና የሚቀመጡበት ቦታ

እየተከታተሉ ማቆም የእሳት አደጋ ሥራ ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚከታተል የለም። ለዚህ ነው ገደብ የሚያስፈልገው። ኢንፍሉክስ ዲቢ ላይ ገደቦቹ ያሉት በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ «ኮኦርዲኔተር» በሚለው ክፍል ነው። በልብ ልንይዘው የሚገባው ነገር ሲጫን ሁሉም 0 መሆናቸው ነው። እዚህ 0 ማለት «ምንም አይፈቀድም» ሳይሆን «ወሰን የለውም» ማለት ነው። ያልተነካ ሰርቨር በሩን ከፍቶ የተኛ ሰርቨር ነው።

ገደቦቹን የሚሠሩበትን ጊዜ ይዘን ብንከፋፍላቸው ይገባናል።

በር ላይ የሚሠሩ ሦስት አሉ። «ማክስ ኮንከረንት ኪውሪስ» በአንድ ጊዜ የሚሮጡትን ጥያቄዎች ብዛት ይወስናል። «ማክስ ሴሌክት ሲሪስ» አንድ ጥያቄ የሚነካቸውን ሲሪሶች ብዛት፣ «ማክስ ሴሌክት ባኬትስ» ደግሞ ጊዜው የሚሰነጠቅበትን ክፍልፋይ ብዛት ይወስናሉ። እነዚህ ጥያቄው ሥራ ሳይጀምር ስለሚፈትሹ የተከለከለው ጥያቄ ሰርቨሩን አያደክምም።

መንገድ ላይ የሚሠሩ ሁለት አሉ። «ኪውሪ ታይምአውት» አንድ ጥያቄ ሊቆይ የሚችልበትን ጊዜ፣ «ማክስ ሴሌክት ፖይንት» ሊያነብ የሚችለውን የነጥብ ብዛት ይወስናሉ። የነጥቡ ቆጠራ የሚፈተሸው በየሰከንዱ ነው፤ ስለዚህ ፈጣን ጥያቄ ከመቆረጡ በፊት ገደቡን ትንሽ ሊያልፍ ይችላል።

አንዱ ደግሞ የሚመዘግብ ብቻ ነው። «ሎግ ኪውሪስ አፍተር» ከተባለው ጊዜ በላይ የቆየን ጥያቄ በመዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ አያቆምም።

ሌሎች ዳታቤዞች በዚህ ረገድ ይለያሉ። ፕሮሜቴየስ የሚባለው የክትትል ሥርዓት ሲጫን ጀምሮ ገደብ አለው፤ አንድ ጥያቄ 2 ደቂቃ፣ በአንድ ጊዜ 20 ጥያቄ፣ ለአንድ ጥያቄ 50,000,000 ናሙና። ከ20 በላይ የመጣውንም ተራ ያስይዘዋል። ኢንፍሉክስ ዲቢ ግን ከገደብ በላይ የመጣውን ተራ አያስይዝም፤ ስህተት ብሎ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ትውልድ ኢንፍሉክስ ዲቢ ላይ የገደቦቹ ስም ይለያል፤ አንድ ጥያቄ የሚይዘውን ሚሞሪም በባይት መወሰን ይቻላል።

ቁጥሩን እንዴት እንምረጥ?

ገደብን በግምት ማስቀመጥ ሁለት አደጋ አለው። ከላላ አይጠብቅም፤ ከጠበቀ ደግሞ ጥፋት የሌለበትን ይከለክላል። ስለዚህ መጀመሪያ መለካት ነው። «ሎግ ኪውሪስ አፍተር»ን 5 ሰከንድ አድርገን አንድ ሳምንት እንተወው። ሳምንቱ ሲያልቅ መዝገቡ የትኛው ቡድን ምን እንደሚጠይቅና ምን ያህል እንደሚቆይ ይነግረናል። ከዚያ ለ200 ሴንሰሮቻችን እንዲህ ማሰብ እንችላለን።

ክፍልፋይ፦ የዓመት ዳታ በየሰዓቱ 8,760 ነው። የሳምንት ዳታ በየደቂቃው 10,080 ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። 10,000 ብለን ብንዘጋ የሳምንቱ ግራፍ ለ80 ብቻ ይከለከላል። 12,000 ብንል ሁለቱም ያልፋሉ፤ በየሰከንዱ የተሰነጠቀው 31 ሚሊዮን ግን በር ላይ ይቀራል።

ነጥብ፦ የሁሉም ሴንሰር የ30 ቀን ዳታ 51,840,000 ስለሆነ 60,000,000 ብንል የወር ሪፖርት ያልፋል፤ የዓመቱ ጥሬ ዳታ ይቆረጣል።

ሲሪስ፦ 200 ስላለን 500 ለማደግም ቦታ ይሰጣል። ይህ ገደብ ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ቡድን ሳያስበው በየጊዜው የሚለዋወጥ ነገር፣ ለምሳሌ የእያንዳንዱን መልእክት መለያ ቁጥር፣ በታግ ቦታ ካስገባ እያንዳንዱ መልእክት አዲስ ሲሪስ ይሆናል። የሲሪስ ብዛት ሲፈነዳ ገደቡ ቀድሞ ይጮሃል።

በአንድ ጊዜ የሚሮጡ፦ 12 ግራፍ ያለውን ዳሽቦርድ ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት ከከፈተው እስከ 24 ጥያቄ ሊደርስ ይችላል። 20 ብንል ምንም ያላጠፉ ሁለት ተማሪዎች ስህተት ያያሉ። 30 ወይም 40 ይሻላል።

ጊዜ፦ መዝገቡ ላይ ተገቢ የሆነው ረጅሙ ጥያቄ 25 ሰከንድ ከፈጀ 60 ሰከንድ በቂ ነው።

ፋይሉ ከተለወጠ በኋላ ዳታቤዙ ተዘግቶ መከፈት ስላለበት ለቡድኖቹ ሁሉ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ገደቡ እናንተን ሲመልሳችሁ

የስህተት መልእክት ሲመጣ መልእክቱ የትኛውን ገደብ እንደነካችሁ ይናገራል። በአንድ ጊዜ የሚሮጡት በዝተዋል ካለ የዳሽቦርዱን እድሳት አርዝሙ፤ በፕሮግራም የምትጠይቁ ከሆነም ጥቂት ጠብቃችሁ ሞክሩ እንጂ ያለማቋረጥ አትደጋግሙ። ክፍልፋዩ በዝቷል ካለ ሰፋ አድርጉት፤ 1,000 ነጥብ ስፋት በሌለው ስክሪን ላይ 30,000 ነጥብ ማንም አያይም። ነጥቡ በዝቷል ወይም ጊዜው አልቋል ካለ የጊዜ ወሰኑን አሳጥሩ፤ የዓመቱን ዳታ የግድ የምትፈልጉ ከሆነ በየሳምንቱ እየቆረጣችሁ፣ ሰርቨሩ ነፃ በሚሆንበት ሰዓት ውሰዱት። ሲሪሱ በዝቷል ካለ የምትፈልጉትን ሴንሰር በስሙ ጥቀሱ።

ከገደብ የሚሻለው ሥራ

ገደብ መጥፎውን ይከለክላል፤ ጥሩውን ግን አይሠራም። የዓመት ግራፍ የሚፈልግ ሰው ፍላጎቱ ትክክል ነው። ለእሱ የሚሻለው ዳታውን አስቀድሞ ማጠቃለል ነው። ኢንፍሉክስ ዲቢ ራሱ በየሰዓቱ አማካዩን እያሰላ በሌላ ቦታ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል። ያን ጊዜ 200 ሴንሰር በቀን 1,728,000 ሳይሆን 4,800 ነጥብ ይሆናል፤ 360 ጊዜ ያነሰ። የዓመቱ በሙሉ 1,752,000 ነው፤ ይህም ከአንድ ቀን ጥሬ ዳታ ብዙም አይርቅም። ጥሬው ዳታ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይም መወሰን ይቻላል።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። አማካይ ብቻ ካስቀመጣችሁ ለአምስት ሰከንድ የዘለለ ቮልቴጅ ይደበቃል፤ ስለዚህ ትልቁንና ትንሹን ዋጋም አብራችሁ አስቀምጡ። እንዲሁም አንዳንድ ሰዓት ልኬት የጎደለው ከሆነ የአማካዮች አማካይ ትክክለኛውን አማካይ አይሰጥም፤ ቆጠራውንም አብሮ መያዝ ይገባል። ጥሬውን ዳታ ከመሰረዛችሁ በፊትም አማካሪያችሁን ጠይቁ፤ የተሰረዘ አይመለስም።

በጋራ ሰርቨር የምትሠሩ ቡድኖች በዚህ ሳምንት አንድ ሰዓት ተገናኝታችሁ ሦስት ነገር ብትወስኑ መልካም ነው፤ የይለፍ ቃል ጥበቃው ይብራ፣ ለየቡድኑ የራሱ ዳታቤዝ ይከፈት፣ አዝጋሚ ጥያቄዎችን የሚመዘግበው ቅንብር ይጀመር። ቁጥሮቹ ከሳምንት በኋላ ይደርሳሉ። ሰርቨሩ የሁላችንም ነው፤ ሰልፉ ላይ ከኋላችን የቆመውም ሐቅ አለው። ሰርቨር የማስተካከል ሥራ ለሚከብዳቸው ቡድኖች ከምህንድስና ክፍሎች ያለን ተማሪዎች አብረን ቁጭ ብለን ለመሥራት ዝግጁ ነን፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ብታናግሩን ኢንሻአላህ ቀን እንይዛለን።